የንባብን ዓይን ለማጥናት በየትኛው በር ልግባ?

ውድ ጠያቂያችን፣ የሦስተኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪ እንደሆንሽ፣ አራተኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ወንድምሽ ሲያነብ ዓይኑ አሁንም አሁንም ወደ ኋላ እየተመለሰ እንደሚቸገር፣ በዚህም የተነሳ የዓይን እንቅስቃሴ ከአእምሮ ጋር ያለውን ግንኙነት ማጥናት እንደተመኘሽ ጽፈሽልኛል። የያዝሽውን ትምህርት ትተሽ ኦፕቶሜትሪ (የዓይን እይታን መርምሮ መነጽር የማዘዝ ሙያ) ብትጀምሪ ይሻል እንደሆነም ጠይቀሻል።

ምክሬ ባለሽበት እንድትቀጥዪ ነው። ምክንያቱ ከጉዳዩ ባሕርይ የሚመነጭ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳሽ።

ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ ሳያቋርጥ የሚንሸራተት ይመስለናል እንጂ የሚሄደው እየዘለለና እያረፈ ነው። እንግሊዝኛን በሚገባ የሚያነብ ሰው በአንድ ቦታ ላይ በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) ያህል ያርፋል፤ ዝላዩ ራሱ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ በዚያች ቅጽበት ከገጹ የምንቀስመው አዲስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከዝላዮቹም ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ወደ ኋላ የሚመለሱ ናቸው። ስለዚህ የወንድምሽ ዓይን መመለሱ ብቻውን ሕመም አይደለም።

ለውሳኔሽ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምሽ ማስረጃ ግን ሌላ ነው። የንባብ ተመራማሪዎቹ ኪት ሬይነርና ጆርጅ ማኮንኪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓይን ባረፈበት ቦታ ዙሪያ ያሉት ፊደላት ብቻ በትክክል እንዲታዩ፣ የቀሩት ደግሞ እንዲለወጡ አድርገው አንባቢው በአንድ እይታ ምን ያህል እንደሚጠቀም ለኩ። ከዚህ በመነጨው ተከታታይ ምርምር እንግሊዝኛ አንባቢ ወደ ግራ 3 ወይም 4፣ ወደ ቀኝ ግን እስከ 15 ፊደላት ድረስ እንደሚጠቀም ታወቀ። ዕብራይስጥንም እንግሊዝኛንም የሚያነቡ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ ጥናት ሲፈተኑ ደግሞ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን ዕብራይስጥ ሲያነቡ ሰፊው ወገን ወደ ግራ ዞረ፤ እንግሊዝኛ ሲያነቡ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ዓይኑ ያው ዓይን ነው፤ የተለወጠው አእምሮ ትኩረቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ ነው። እኔን ይህ ውጤት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ለማንበብ የሚቸገሩ ልጆችም ረዘም ብለው ማረፋቸውና ደጋግመው መመለሳቸው፣ በአብዛኛው ቃሉን ለመፍታት የመቸገራቸው ውጤት እንጂ መንስኤው አይደለም። ወንድምሽን አስቀድማችሁ የዓይን ምርመራ አስደርጉለት፤ ዓይኑ ጤነኛ ከሆነ ግን ዓይንን በማለማመድ ንባብን እናስተካክላለን ለሚሉ ሥልጠናዎች ገንዘብ አታውጡ።

ኦፕቶሜትሪ የተከበረና እጅግ የሚያስፈልገን ሙያ ነው፤ ነገር ግን የአንቺ ጥያቄ በሳይኮሎጂ፣ በሥነ ልሳንና በኒውሮሳይንስ (የአንጎልና የነርቭ ጥናት) መገናኛ ላይ ይገኛል። ከአሁን ጀምሮ ስታቲስቲክስን አጥብቀሽ ያዢ፤ የዓይን መከታተያ መሣሪያ በሰከንድ 1000 ጊዜና ከዚያም በላይ ሊመዘግብ ስለሚችል፣ ፓይተን ወይም አር የተባሉትን የኮምፒውተር ቋንቋዎች ሳይችሉ በዚህ መስክ መሥራት ያዳግታል። ከሥነ ልሳን ክፍልም ቢያንስ የሥነ ምዕላድ (ቃላት ከምን ከምን እንደሚገነቡ የሚያጠና) ኮርስ ውሰጂ።

ይህን የምልሽ አማርኛ ራሱ እምብዛም ያልተነካ እርሻ ስለሆነልሽ ነው። «አልነገረችኝም» የሚለው ቃል ያልነገረችውን ሴት፣ ያልተነገረውን ሰው፣ አሉታውንና ጊዜውን በ8 ፊደላት ይዟል። የአንባቢ ዓይን እንዲህ ባለው ቃል ውስጥ የት ያርፋል? ስንት ጊዜስ ያርፋል? ይህን ለመጠየቅ ከውጭ ተመራማሪ ይልቅ አንቺ ትቀርቢያለሽ። የዓይን መከታተያ መሣሪያው ውድ ቢሆንም፣ በነጻ በሚገኘው ሳይኮፓይ በተባለው ፕሮግራም፣ በተራ ኮምፒውተር፣ አንባቢ ቁልፍ እየተጫነ ቃል በቃል ሲያነብ በእያንዳንዱ ቃል ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ መለካት ይቻላል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍሽም ይበቃል።

ሥራውን በተመለከተ ልሸነግልሽ አልፈልግም። በአገራችን በዚህ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ እምብዛም አይገኝም፤ ቅርብ የሆኑት በሮች የዩኒቨርሲቲ መምህርነትና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ናቸው። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ለመሄድ ካሰብሽ፣ ለፕሮፌሰሮች ስትጽፊ ስለ ፍቅርሽ ሳይሆን ስለ ጥያቄሽና በእጅሽ ስላለው ትንሽ መረጃ ጻፊ። ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር 20 ያህል የክፍል ጓደኞችሽን አስነብበሽ የመጀመሪያውን መረጃ ሰብስቢና፣ እርሱን ይዘሽ ወደ አማካሪሽ ቅረቢ።