እርከኑ መሬቴን በላ፣ ግድቡ ግን ዛሬም ይደፈርሳል

ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጠው ከለገዳዲ ግድብ በላይ ካለ ቀበሌ አንድ አርሶ አደር ጽፈውልኛል። መልእክቱ ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ዕድሜዬ 58 ነው። አንድ ሄክታር ተኩል መሬት አለኝ። ግማሹ ተዳፋት፣ ግማሹ ሜዳ መረሬ ነው። ሦስት የወተት ላሞች አሉኝ፣ ወተቱ አዲስ አበባ ይገባል። በየዓመቱ ጥር ላይ ለተፋሰስ ሥራ እንወጣለን። አምና በሜዳው ላይ በሠራነው እርከን ውሃ ተኝቶ ስንዴዬ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ኮረብታው ተከለለ ተብሎ ላሞቼ ከግጦሽ ታገዱ። ለዚህ ሥራ ከመንግሥትም ከውጭም ብዙ ገንዘብ መጣ ሲባል በሬዲዮ እንሰማለን፣ እኛ ጋ የደረሰ የለም። ግድቡም ክረምት በገባ ቁጥር ይደፈርሳል። ልጄ ደግሞ ‹መሬቱ ነገ ለከተማ ቢወሰድስ፣ ለምን ትለፋለህ?› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ጋሼ፣ መጀመሪያ ስለ ስንዴው እንነጋገር። ክረምቱ አይጠብቅምና።

ያ እርከን ቦታውን ስቶ ነው የተሠራው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መረሬ መሬት፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲርስ ደግሞ ያብጥና ስንጥቁ ሁሉ ይደፈናል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ውሃ የሚያቁር ደልዳላ እርከን መሥራት ኩሬ መሥራት ነው። የስንዴው ሥር አየር ያጣል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያ ቢጨምሩበትም አይመለስም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምነግርዎት። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ እዚያው በእናንተ አቅጣጫ በአንድ ቀበሌ፣ መረሬ ላይ ደልዳላ እርከን አሠርቻለሁ። እቅዱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ነበር። ኪሎ ሜትሩ ሞላ፣ ሪፖርቱም አማረ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ እርከኑ ተሰበረ። የተጠራቀመው ውሃ ሁሉ በአንዲት ባል የሞተባቸው እናት ማሳ ላይ ወረደ። በማግስቱ ስንሄድ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ተከፍቷል። ከዚያ ማሳ የተጠረገው አፈር ወንዝ ገባ፣ ወንዙ ደግሞ ወደ ግድቡ ነው የሚወርደው። አፈር ለማዳን ወጥተን አፈሩን ራሳችን ሸኘነው። እኚያን እናት እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም።

ስለዚህ ሜዳው ላይ ያለው እርከን ዝም ብሎ መቆየት የለበትም። ግን ለብቻዎ አያፍርሱት። የልማት ጣቢያ ባለሙያውን ይጥሩና አብረው በውሃ ልክ ይለኩት። እርከኑ ትንሽ ማዘንበል አለበት፤ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ቢወርድ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ውሃው ይሮጥና ራሱ ይቦረቡራል። ጫፉ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ሣር የለበሰ ሰፊ የውሃ መውረጃ እንጂ የጎረቤት ማሳ መሆን የለበትም። ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ከታችዎ ካሉት ባለማሳ ጋር ቁጭ ብለው ሳይስማሙ አንድ ዶማ እንዳያነሱ።

ለራሱ ለስንዴው ሰፊ መደብ ይሥሩለት። ወደ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ። በበሬ የሚጎተተው ቢቢኤም የሚባለው የሰፊ መደብ መሥሪያ በብዙ ወረዳዎች አለ፣ የማኅበር ካላችሁ ተዋሱ። ከሌለ አባቶቻችን ያወጡት የነበረው ፈሰስ፣ ውሃ ማስወጫው ትልም፣ ይሠራል፤ ብቻ በተዳፋቱ አቅጣጫ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ትንሽ አዘንብሎ ይውጣ። በተዳፋቱ ግማሽ ላይ ያለው እርከን ግን ደህና ነው። እሱን አይንኩት። እንዲያውም የላሞችዎ ቀለብ የሚወጣው ከእሱ ላይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

በሬዲዮ የሰሙት ውሸት አይደለም። የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮግራም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ በተመረጡ ተፋሰሶች ሲሠራ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ ለመልክዓ ምድር አያያዝ 500 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። የዚህኛው አሠራር ለየት ይላል፤ ሥራው ተሠርቶ ውጤቱ በገለልተኛ አካል ከተረጋገጠ በኋላ ነው ገንዘቡ የሚለቀቀው። ሴፍቲኔት የሚባለው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ነው፤ እሱ በተመረጡ ወረዳዎች የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በሥራቸው ልክ ይከፍላል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአረንጓዴ አሻራና ለተራቆተ መሬት ማገገሚያ የሚሆን ልዩ ፈንድ በአዋጅ አቋቁሟል። ዋናው ምንጩ ከፌዴራል መንግሥት ዓመታዊ በጀት ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ የሚመደብ ገንዘብ ነው።

ታዲያ ለምን እናንተ ጋ አልደረሰም? አንደኛ፣ አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ወደ ተመረጡ ተፋሰሶች ነው። የእናንተ ንዑስ ተፋሰስ ካልተመረጠ ጥር ላይ የምትወጡት በሕዝብ ዘመቻ ነው፣ ዘመቻ ደግሞ የጉልበት ክፍያ የለውም። ሁለተኛ፣ የተመረጠም ቢሆን ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም። ለችግኝ ጣቢያ፣ ድንጋይ ተሞልቶበት ቦረቦር ለሚገደብበት የጋቢዮን ሽቦ፣ ለመሣሪያ፣ ለሥልጠና፣ ለባለሙያ ውሎ አበልና ለነዳጅ ነው የሚወጣው።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። 300 አባወራ ለ30 ቀን ቢወጣ 9,000 የሰው ቀን ነው። በአካባቢያችሁ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ያባዙት። ከየትኛውም ለጋሽ በላይ ለዚህ ሥራ ያዋጣችሁት እናንተ ናችሁ። ይህ በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ በጉልህ ሲጻፍ አላየሁም፣ ያንገበግበኛል። የግድቡን ውሃ የሚጠጣው ከተማው ነው። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በግድቦቹ ዙሪያ ችግኝና እርከን ያሠራል፣ ጥሩ ነው። የእኔ እምነት ግን ከዚህ ይሻገራል። ውሃ የሚጠጣው ውሃውን ለሚጠብቀው መክፈል አለበት። መረሬ አፈር በጣም ደቃቅ ስለሆነ ግድብ ውስጥ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ማጥሪያው ጋ ሲደርስ ብዙ ኬሚካል ይጠይቃል። ከላይ አፈሩ ከተያዘ ከታች ወጪ ይቀንሳል። ከዚያ ከተረፈው ለእናንተ ቢደርስ ችሮታ አይባልም።

እስከዚያው ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ወላይታ ሁምቦ ላይ ሕዝቡ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከለለ። ብዙ ችግኝ እንኳ አልተከሉም። ልቅ ግጦሽና ቆረጣ ሲቆም የድሮው ጉቶ ራሱ አቆጠቆጠ። ከዚያ በ7 ማኅበር ተደራጅተው፣ ደኑ ከአየር ስቦ የያዘውን ካርቦን አስለክተው ለዓለም ባንክ ፈንድ ሸጡ። ገንዘቡ ሊደርሳቸው የቻለው ማኅበር ስለነበራቸው ነው። ሕጋዊ ስምና የባንክ ደብተር ለሌለው ሕዝብ ማንም ብር አይልክም። የተፋሰስ ልማት አዋጅም ለተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር መደራጀት በር ይከፍታል። ስለዚህ ቀበሌ ግብርና ሲሄዱ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የእኛ ንዑስ ተፋሰስ በየትኛው ፕሮግራም ተይዟል? ለዘንድሮ የተመደበው በጀት ስንት ነው፣ ለምንስ ይውላል? የተጠቃሚዎች ማኅበር መዝግባችሁልናል ወይስ አልመዘገባችሁም? ብቻዎን አይሂዱ፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ።

ወደ ላሞቹ ልመለስ። ሦስት የወተት ላም በኮረብታ ግጦሽ አይዘለቅም፣ ተከለለም አልተከለለም። ላም ሁለት ሰዓት ሄዳ የምትግጠው ሣር ለመንገዱ ድካም ነው የሚውለው። ይልቅ የተከለለው ኮረብታ ላይ ያለው ሣር የእናንተ ነው። ታጭዶ መከፋፈል አለበት። ችግሩ ብዙ ቀበሌዎች ሣሩን ኅዳር ላይ፣ ከደረቀ በኋላ ነው የሚያሳጭዱት። ያኔ ገለባ ሆኗል። አበባ ሲጀምር፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ይታጨድ። ይህን በጽሑፍ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አስገቡት።

በተዳፋቱ እርከን ትከሻ ላይ ዴሾ ሣር ይትከሉ። ሥሩ እርከኑን ይይዛል፣ ቅጠሉ ላም ይቀልባል። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ከነሥሩ ተገንጥሎ ይተከላል፣ ችግኙን ከጎረቤት እንኳ ማግኘት ይቻላል። ከእሱ ጋር ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ጣል ጣል ያድርጉ። ለእናንተ ደጋ ይስማማል፣ ለወተት የሚሆን ፕሮቲን አለው። ብቻ ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይወድም፣ መረሬው ላይ ከተከሉት ይሞትብዎታል። በመጀመሪያው ዓመት አይቁረጡት፣ ሥር ይስደድ። ባሕር ዛፍ ግን ከምንጭና ከወንዝ ዳር ያርቁት።

ለበጋው የስንዴና የጤፍ ጭድዎን በዩሪያ ያክሙ። ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ በደንብ ሟሙቶ ይረጫል። ከዚያ በላስቲክ ተሸፍኖ አየር ሳይገባው 21 ቀን ይቆያል። ሲከፍቱት ሽታው እስኪወጣ አንድ ቀን ያናፍሱት፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ያለማምዷቸው። ያልሟሟ ዩሪያ ከብት ይገድላል፤ ማዳበሪያውን ላሞቹ ከሚደርሱበት ያርቁ። ለትናንሽ ጥጆችም አይስጡ።

የልጅዎን ጥያቄ አላልፈውም። ከተማ ዳር ያለ ገበሬ ሁሉ ልቡ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። መሬቱ አይወሰድም ብዬ ልምልልዎት አልችልም። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። የካሳ አዋጁ፣ ቁጥር 1161/2011፣ ካሳ የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ ነው። የድንጋይ እርከን፣ የተከሉት ዛፍ፣ ያለሙት መኖ ሊቆጠር ይችላል። የሚቆጠረው ግን ማስረጃ ካለ ነው። ልጅዎ ስልክ አለው አይደል? ሥራው ሲጀመርና ሲያልቅ፣ ቀኑ የሚታይበት ፎቶ ያንሳልዎት። የመሬት ይዞታ ደብተርዎን የማሳው ካርታ ባለው በሁለተኛ ደረጃው ደብተር ካልቀየሩት ዘንድሮ ያስጨርሱ። እና ደግሞ መሬቱ ባይወሰድስ? የተጠረገ አፈር በእርስዎም በልጅዎም ዕድሜ አይመለስም።

የቀረው የግድቡ ነገር ነው። ግድብ የሚድነው ግድቡ ጋ አይደለም። አባ ሳሙኤልን ያውቁታል፣ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ። ብዙ ዓመት ሥራ አቁሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ተርባይኑ በገንዘብ ታደሰ። ከላይ በአቃቂ ወንዞች የሚወርደው ደለልና የከተማ ቆሻሻ ግን በዚያ ገንዘብ አልቆመም። በሌላ በኩል ሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት የሚውልበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሷል። ሐይቅ ይሞታል፣ ሊመለስም ይችላል።

ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ቢጠረግ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከአንድ ሲኖትራክ ጭነት ከግማሽ በላይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በዓይን አይታይም፣ ማንም ሪፖርት አያደርገውም። ለዚህ ነው የሥራውን ውጤት በኪሎ ሜትርና በችግኝ ቁጥር ብቻ የማላምነው።

እናንተው ለኩት። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ይምረጡ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት። ከተፋሰሳችሁ መውጫ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በነጭ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይቅዱ። ሦስት ቀን ሳይነካ ይቀመጥ። የዘቀጠው ደለል የደረሰበትን በእስክሪብቶ ያስምሩ። በላዩ ያለውን ውሃ ደግሞ ከጋዜጣ ፊት አቁመው ፊደሉ ይነበብ እንደሆነ ይዩ። ዓመቱን ጽፈው ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና። በሦስተኛው ዓመት ጠርሙሶቹን በተርታ ይዛችሁ ቀበሌ ስብሰባ ግቡ። ስለ በጀቱ የምትጠይቁት ያኔ በእጃችሁ ማስረጃ ይዛችሁ ነው።

በዚህ ሳምንት ግን ከታችዎ ያሉትን ባለማሳ ቡና ይጥሯቸው። የውሃ መውረጃው በየት በኩል እንደሚያልፍ ከሰኔ በፊት ተስማሙ።