ጥርጣሬያችሁን ከምትወዱት ሰው አትደብቁ

ልጆቼ፣

ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ከክፍል በኋላ ተማሪዎች ቀረብ ብለው ከሚጠይቁኝ ሁሉ የሚከብደኝ አንድ ጥያቄ ነው። «የምወዳት ልጅ አጥባቂ አማኝ ናት፤ እኔ ግን የምጠራጠረው ብዙ ነው። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?» አማኞቹም ገልብጠው ይጠይቁኛል።

ሰሞኑን በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ክሪኤሽን» የተባለ ፊልም እንደገና አየሁት። በዝግመተ ለውጥ ሐሳቡ ስለሚታወቀው ሳይንቲስት ስለ ቻርልስ ዳርዊንና ስለ ባለቤቱ ኤማ ነው። ሁለቱን ሆነው የሚተውኑት ፖል ቤተኒና ጄኒፈር ኮነሊ በእውነትም ባልና ሚስት ናቸው። ብዙ ሰው የሳይንስና የሃይማኖት ፀብ አድርጎ ያየዋል። ለእኔ የፍቅር ፊልም ነው። ልጃቸው አኒ በ10 ዓመቷ ሞታባቸዋለች፤ ሐዘኑን አብረው ማውራት አቅቷቸዋል። ይሄን ልብ በሉልኝ። ጥንዶች «በእምነት አልተግባባንም» ሲሉ ስሰማ፣ ከሥሩ ሳይወራ የቀረ ሌላ ቁስል ይኖር ይሆን እላለሁ።

እውነተኛው ታሪክ ከፊልሙም ይበልጥብኛል። ዳርዊን ሊያገባ ሲል አባቱ ጥርጣሬውን ከሚስቱ እንዲደብቅ መክሮት ነበር። አልሰማውም፤ ለኤማ ነገራት። እሷ ከሞት በኋላም አብረው እንዲሆኑ ትመኝ ስለነበር ነገሩ አስጨነቃት። ግን አልተወችውም። በ1839 እ.ኤ.አ. ተጋቡ። በ1844 ደግሞ ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ረቂቅ ጽፎ ሲጨርስ፣ ድንገት ቢሞት 400 ፓውንድ መድባ እንድታሳትምለት በደብዳቤ አደራ አላት። እስቲ አስቡት! ያ ሐሳብ ያስፈራት የነበረችው ሴት ናት አደራ ተቀባይዋ።

እኔ ግን የአባቱን ምክር ነበር የተከተልኩት። ባለቤቴን ላለማስቀየም ብዬ ለዓመታት ዝም አልኩ። ሲገባት፣ በጥርጣሬዬ ሳይሆን በዝምታዬ ነው ያዘነችው። «ብትነግረኝ አልችለውም ብለህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ድረስ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ ሳይመሽ ተነጋገሩ። በተለይ ልጆች ስትወልዱ በምን እምነት እንደምታሳድጓቸው ከሠርግ በፊት አውሩ፤ እሱ ላይ ጨርሶ መስማማት ካልቻላችሁ፣ ቢያምም ያኔውኑ መለያየት ይሻላል። ስታወሩ ደግሞ ለማሸነፍ አትከራከሩ። ማስረጃ አምጪ፣ ማስረጃ አምጣ መባባል ላቦራቶሪ ውስጥ ያምራል፤ ፍቅረኛችሁ ግን የምትመረምሩት ናሙና አይደለችም። አማኞችም፣ ሰውን ልቀይረው ብላችሁ አትቅረቡት። ይታወቃል፤ ያማልም።

ኤማ በተጋቡ ሰሞን ለባሏ ደብዳቤ ጽፋለት ነበር። ሳይረጋገጥ ምንም ያለማመን የሳይንስ ልማዱ፣ በዚያ መንገድ ሊረጋገጡ በማይችሉ ነገሮች ላይም እንዳያይልበት ለመነችው። እሱ ሐሳቡን አልቀየረም። ደብዳቤውን ግን አስቀመጠው። ብዙ ጊዜ እንደሳመውና እንዳለቀሰበት፣ እሱ ሲሞት እንድታውቅ፣ እዚያው ላይ በእጁ ጻፈላት።