አጫጭር የኮንትራት ሥራዎች ሲቪ ላይ፦ ከሐዋሳ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ በሁለት ዓመት አራት ቦታ ሠርቻለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ሁለት ልብስ ፋብሪካ፣ አንድ የመረጃ ስብሰባ፣ ስድስት ሳምንት ሆቴል። ሲቪዬን ያየ ሁሉ «ለምን አትረጊም?» ይለኛል።

መልስ፦ ከሥራ መደቡ ጎን «ኮንትራት» ብለሽ ጻፊ። ይህች ቃል ከጎደለች ጥለሽ የወጣሽ ወይም የተባረርሽ ትመስያለሽ። ሁለቱን ፋብሪካ ደግሞ በአንድ ርዕስ አስገቢያቸው፦ «የጥራት ተቆጣጣሪ (ኮንትራት)፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከኅዳር 2015 እስከ ሐምሌ 2015»፤ የየፋብሪካው ስምና ወር ከሥሩ በአንድ በአንድ መስመር ይሁን። የመረጃ ስብሰባው ላይ «መረጃ ሰብስቤአለሁ» ማለት ምንም አይነግርም። «በ3 ቀበሌ 180 አባወራ በታብሌት፣ በኮቦ ቅጽ» ዓይነት ይጻፍ (ኮቦ የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ነው)፤ ቁጥሩ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ቢጠይቁሽ የምታስረጂው ይሁን። ሆቴሉ ከምትወዳደሪበት ሥራ ጋር ካልተያያዘ ይቅር።

ጥያቄ፦ ወሩን ትቼ ዓመቱን ብቻ ብጽፍስ?

መልስ፦ አይሆንም። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ቀኑ አለ፤ ሲያመሳክሩ የደበቅህ ይመስላል። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠር ስህተት ነው። በእንግሊዝኛ ሲቪ ሁሉም በፈረንጅ ይሁን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ዓመት ትጨምራለህ። ሁሉም ላይ 8 የደመረ ሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት 2015 የሠራውን «ከኖቬምበር 2023 እስከ ማርች 2023» ብሎ ይጽፋል፤ ሳይጀምር ጨረሰ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ኮንትራት ነሽ» ብለው የሥራ ልምድ ከለከሉኝ።

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ አሠሪውን ያስገድዳል። በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቅጂው ላይ ገቢ አስደርጊ። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉም ይጠቀስ፤ ብዙ ማስታወቂያ ይህን ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሁለቱ ኮንትራቶቼ ለሦስት ወር ተደራርበዋል።

መልስ፦ ሁለቱንም ጻፍ፤ ጠቅላላ ልምድህን ስታሰላ ግን ሦስቱን ወር አንዴ ብቻ ቁጠር።

ጥያቄ፦ «ለምን ወጣህ?» ሲሉኝስ?

መልስ፦ «ውሉ በጊዜው አለቀ»፣ በቃ። ታድሶልህ ከነበረ ግን ሲቪው ላይ «ሁለት ጊዜ የታደሰ» ብለህ ጻፈው፤ ያልወደዱትን ሠራተኛ ውል ማን ያድሳል?