ጥያቄና መልስ፦ ሶላር የተሸከመው ጥንብ አንሳ፣ የደሴ ጅቦች ቆጠራና ሌሎችም

በዱር እንስሳት ላይ ስለሚደረግ ምልክትና ክትትል ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። ረጃጅሞቹን ጥያቄዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከቄራው በታች፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ባለ የመብራት ምሰሶ ሥር ነጭ ጥንብ አንሳ ሞቶ አገኘን። ፊቱ ቢጫ ነው። ጀርባው ላይ የክብሪት ሣጥን የምታክል፣ ከላይ ሶላር ያላት ጥቁር ዕቃ በጥብጣብ ታስራለች። አንድ እግሩ ላይ የብረት ቀለበት፣ ሌላው ላይ ፊደል የተጻፈበት የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ገሚሱ የስለላ ዕቃ ነው ይላል፣ ገሚሱ ሲም ካርዱን እናውጣ ይላል። እኔ ዕቃዋን ፈትቼ በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፌባታለሁ። ምን ይሻላል? (ሰይድ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ የስለላ አይደለም፤ ተመራማሪዎች የወፉን ጉዞ ለመከታተል ያሰሩት ነው። የዚህ ዓይነት መሣሪያ በውስጡ ያለው ጂፒኤስ፣ ትንሽ ባትሪ፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ የሚለካ ክፍል እንዲሁም በሞባይል ኔትወርክ መረጃ የሚልክ ሞደም ነው። ጥርጣሬው የእናንተ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ቄና ውስጥ አንድ ሽመላ መከታተያ ተሸክሞ ስለተገኘ በስለላ ተጠርጥሮ ታስሮ ነበር።

መጀመሪያ ከቆርቆሮው ሣጥን ያውጡት። ብረት ፀሐዩንም ኔትወርኩንም ይከለክላል። ሶላሩ ወደ ላይ ሆኖ ሰማይ በሚያይበት፣ ልጆችና ውሾች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። መሣሪያው ኔትወርክ በሌለበት አገር ሲዞር የቆየውን ሁሉ በውስጡ ያጠራቅማል፤ ባትሪው ሲሞላና ኔትወርክ ሲያገኝ የከረመውን አንድ ላይ ይልካል። ከወንዝ ዳር እስከ እርስዎ ቤት የመጣበትን መንገድም ባለቤቶቹ ካርታ ላይ እያዩት ሊሆን ስለሚችል፣ ሰው መጥቶ ቢጠይቅዎ አይደንግጡ። ሲሙ አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የተበየደ ነው፤ የተለየ ቢሆንም ለመረጃ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ስልክ አይደወልበትም። ለማውጣት ሲሞከር የሚሰበረው ገና ያልተላከው መረጃ ነው። መሣሪያው ራሱ ደህና ከሆነ ታድሶ ሌላ ወፍ ላይ ሊታሰር ይችላል።

ወፉ የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው ነው። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዱ ሲሆን፣ አገር ውስጥ የሚኖሩ አሉ፤ ሌሎቹ ከቡልጋሪያ፣ ከግሪክ፣ ከቱርክና ከካውካሰስ መስከረምና ጥቅምት ላይ መጥተው አፋርና አካባቢው ይከርሙና የካቲትና መጋቢት ላይ ይመለሳሉ። ወጣት ሳለ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ነጭ መሆኑ ብቻ ለአቅመ እርባታ የደረሰ እንደነበር ይነግረናል። ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ባለሙያዎች የሚጠብቁት ልክ ሸክሙ ከወፉ ክብደት 3 በመቶ እንዳያልፍ ስለሆነ፣ መሣሪያው ከነጥብጣቡ ከ60 ግራም በታች መሆን አለበት። በእጅዎ ሲይዙት የቀለለብዎት ለዚህ ነው።

ሬሳው አሁንም ካለ በባዶ እጅ አይንኩት፤ የፌስታል ከረጢት ገልብጠው እንደ ጓንት ይጠቀሙ። ጥብጣቡ ያረፈበትን ቦታ ከብብቱና ከደረቱ በኩል ላባውን ገለጥ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ቆዳው ተልጦ ከሆነ አሳሪዎቹ ማወቅ አለባቸው፤ የሚቀጥለውን ወፍ በሌላ መንገድ ያስሩታል። የብረት ቀለበቱን እያዞሩ ከአራት ጎን ፎቶ ያንሱ። ቁጥሩ ዙሪያውን ስለሚሄድ ከአንድ ጎን ብቻ የተነሣ ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቁጥር ይጎድለዋል፤ ያረጀ ቀለበት ላይ ደግሞ 3 እና 8 ይምታታሉ። የአገር ወይም የሙዚየም ስም ይኖረዋል፤ እሱም ይጻፍ። ለፕላስቲኩ የቀለበቱ ቀለም፣ የፊደሉ ቀለም፣ የቀኝ ወይም የግራ እግር መሆኑ፣ ጽሑፉ ከታች ወደ ላይ ነው ወይስ ከላይ ወደ ታች የሚነበበው፣ ይህ ሁሉ ይመዝገብ። ወፉ የሞተ ስለሆነ ቀለበቱን በፒንሳ ከፍቶ አስተካክሎ ማስቀመጥ ይቻላል። በሕይወት ካለ ወፍ ላይ ግን ቀለበት አይወለቅም፤ ቁጥሩ ተነቦ ይለቀቃል።

ቁጥሩን፣ ቀኑን (በፈረንጆች አቆጣጠር ለውጠው)፣ ቦታውንና የተገኘበትን ሁኔታ ዩሪንግ በሚባለው የአውሮፓ ቀለበት ማዕከላት ኅብረት ድረ ገጽ በኩል ማስገባት ይቻላል። ወፉ የትና መቼ እንደታሰረ መልስ ይመጣልዎታል። መሣሪያውን ለማስረከብ ትክክለኛው ቦታ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

አሁን ወደ ምሰሶው። የክንፍ ጫፍ ወይም እግር ላይ የተቃጠለ ላባ፣ የከሰለ ቀዳዳ ካለ የገደለው ኤሌክትሪክ ነው። የዚህ ወፍ ክንፍ ሲዘረጋ 1.6 ሜትር ያህል ይሆናል። ባለ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ አግዳሚው ብረት ከሆነና ሽቦው አጭር ስኒ (ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው መያዣ) ላይ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ካረፈ፣ ብረቱ ላይ ቆሞ ሽቦውን በክንፉ መንካት ለወፉ ቀላል ነው። የምሰሶውን ቁጥርና የአናቱን ፎቶ ከሪፖርቱ ጋር ያያይዙ፤ መፍትሔው ከስኒው ግራና ቀኝ ሽቦውን በፕላስቲክ ማልበስ ብቻ ስለሆነ የትኛው ምሰሶ እንደሆነ መታወቁ ዋናው ነገር ነው። ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ወፍ ካዩ አይጠጉ፤ መብራት ኃይል ይደወል። ቃጠሎ ከሌለና በአቅራቢያው ሌላ ወፍ ወይም ውሻ ሞቶ ከተገኘ ግን መርዝ ይጠርጠር። መሣሪያ የሌለው ወፍ ሲሞት ሌሊቱን ጅብና ውሻ ያነሡትና ማንም ሳይቆጥረው ይቀራል። የዚህ ሁሉ ድካም ጥቅም እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ በደሴ ዙሪያ ያሉትን ጅቦች ልቆጥር አስቤያለሁ። የጂፒኤስ ኮላር (አንገት ላይ የሚታሰር መከታተያ) ለስንት ጅብ ቢታሰር ይበቃል? በጀቴ ትንሽ ነው። (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ለዜሮ። ኮላር የሚመልሰው «የት ይሄዳል?» የሚለውን ነው፤ የእርስዎ ጥያቄ «ስንት ናቸው?» የሚል ነው። አምስት ጅብ ላይ ኮላር ቢያስሩ ስለ አምስቱ ብዙ ያውቃሉ፣ ስለ ቀሪዎቹ ምንም። በዚያ ላይ የእንስሳት ሐኪም፣ ማደንዘዣና ተኳሽ ያስፈልጋል፤ የታሰረውንም ኮላር መንጋው ራሱ ያኝከዋል። በርካሹ የሬዲዮ ኮላር፣ አቅጣጫውን በአንቴና እየፈለጉ፣ ልሥራ ቢሉ የጦሳና የአዝዋ ገደል ተራሮች ሞገዱን እያንጸባረቁ አንቴናዎን ያሳስቱታል። ሜዳ ላይ እንኳ 5 ዲግሪ ስሕተት 2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 175 ሜትር ስሕተት ነው፣ ይህም ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ያሻግራል።

ጅብ ምልክቱን ይዞ ነው የተወለደው። የሁለት ጅብ ነጠብጣብ አንድ አይሆንም፤ የአንዱ ጅብ የግራና የቀኝ ጎንም አይመሳሰልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ሁለት ካሜራ ትራፕ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ)፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከመንገዱ መሐል 2 እስከ 3 ሜትር ርቀው ይቁሙ። ፊት ለፊት ግጥም አድርገው አያቁሟቸው፤ የአንዱ ፍላሽ ሌላውን ያሳውረዋል፣ ትንሽ ያዛንፏቸው። ምሥራቅና ምዕራብ የሚያይ ካሜራ ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ባዶ ፎቶ ይሞላል። በማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የተነሣ ጅብ እየሮጠ ከሆነ ነጠብጣቡ ይደበዝዛል፤ ነጩ ፍላሽ ጥርት አድርጎ ያወጣዋል፣ ግን ካሜራው ያለበትንም ለሌባ ያሳያል። ከተማ ዳር ከሆነ በብረት ሣጥንና በሰንሰለት ይታሰር፣ የማን እንደሆነና ስልክ ይለጠፍበት። ለቀበሌው አስቀድሞ ይነገር፤ የሰው ፎቶ ሲገኝ ይጥፋ።

በእኛ አገር ብዙ መረጃ የሚበላሸው በሰዓቱ ነው። አንዱ ረዳት ካሜራውን በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ሌላው በውጭ አቆጣጠር ከሞላው የግራና የቀኙ ፎቶ በ6 ሰዓት ተለያይቶ አንዱ ጅብ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሙሉ። ካሜራው ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ አንድ ሌሊት ሁለት ቀን ይጻፍበታል፤ መዝገብዎ ላይ «ሌሊት 1፣ ሌሊት 2» እያሉ ይቁጠሩ። አሮጌና አዲስ ባትሪ አይቀላቀል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ክረምት ላይ የደሴ ጉም ፍላሹን መልሶ ነጭ ግድግዳ ብቻ ያሳይዎታል። 40 ሌሊት ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ የሚወለደውና የሚሞተው ሒሳቡን ያናጋዋል። ጣቢያዎቹን ቆሻሻ መጣያና ቄራ ላይ ብቻ አይሰብስቡ። እዚያ የሚመላለሱት ደፋሮቹ ናቸው፤ እነሱን ደጋግመው ሲያገኙ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። ዙሪያውን በ1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ልዩነት ይበትኗቸው።

ሒሳቡ ይህ ነው፤ በሁለተኛው ዙር ድጋሚ የሚታዩት በበዙ ቁጥር ጠቅላላው ጥቂት ነው ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ሌሊቶች 18 ጅብ ለዩ እንበል። በቀጣዮቹ 20 ሌሊቶች 20 ለዩ፣ ከነዚህ 9ኙ የቀድሞዎቹ ናቸው። (18+1) × (20+1) ÷ (9+1) − 1 = 38.9፣ ማለት 39 ገደማ። አሁን ከ9ኙ ሁለቱን ማመሳሰል አቅቶዎት አዲስ ናቸው ቢሉ መልሱ 49 ይሆናል። ሁለት ፎቶ ላይ መሳሳት አሥር ጅብ ወለደ! ስለዚህ ሁለት ሰው ለየብቻ ያመሳስል፣ የማይስማሙበት ፎቶ ለሦስተኛ ሰው ይሰጥ፤ ያረጀ ጅብ ነጠብጣቡ ስለሚደበዝዝ የጆሮውን መቀደድና ጠባሳውን ይጨምሩ። ከሁለቱ ጎን የበለጠ የተነሣውን መርጠው በእሱ ብቻ ይቁጠሩ፤ በግራው ብቻ የታወቀና በቀኙ ብቻ የታወቀ ጅብ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አይግቡ። ቁጥሩን ለቦታው ስፋት አካፍለው በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ጅብ እንዳለ ለማወቅ ከፈለጉ አር በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ሴክር የካሜራዎቹን ቦታ ጭምር ይዞ ያሰላልዎታል።

የጅብ ድምፅ በድምፅ ማጉያ እየለቀቁ የመጡትን መቁጠርም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለሜዳ ግን ነው። ደሴ ላይ በሌሊት ቢሞከር ከጅቡ ቀድሞ የሚደርሰው ሚሊሻው ነው።

ጥያቄ፦ ቀይ ቀበሮ በጣም ጥቂት ነው ይባላል። ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ ያሉት ታዲያ ለምን ሁሉም ኮላር አይታሰርላቸውም? (ከደሴ)

መልስ፦ ጥቂት ስለሆኑ። በአገሪቱ ያሉት ለአቅመ እርባታ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የወሎው መንጋ ትንሽ ስለሆነ ሲያዝ የሚሞት አንድ እንስሳ እንኳ ይጎዳዋል። ባሌ ላይ ተይዘው ባለ ቀለም የጆሮ ምልክት የተደረገላቸው አሉ፤ የዚያ ዓይነት ሥራ ሲሠራ ደም ተወስዶ የእብድ ውሻ ክትባት መሥራቱ ይታያል። ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚበላ ነው። ሌላ ቦታ ያለ መያዝ ይበቃል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው ቀን ስለሆነ በእግር እየሄዱ በዓይን መቁጠር ይቻላል። ኩሱን በንጹሕ እንጨት አንሥቶ 96 በመቶ ኤታኖል ውስጥ በማስቀመጥም ዘረ መሉ ይለያል። በአካባቢው ዘመድ ካለዎት ውሾቹን በየዓመቱ ያስከትብ፤ ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ቀበሮዎቹን የፈጀው ከውሻ የተላለፈው ይኸው በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ከለስላሳ ቆርቆሮ ቀለበት ቆርጠው ጣሪያችን ላይ ላሉት ርግቦች ሊያስሩ ይፈልጋሉ። ይቻላል? (መምህርት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይሆንም። የቆርቆሮው ጠርዝ ምላጭ ነው። ቀለበት እግሩ ላይ መዞርና መንሸራተት አለበት፤ ከጠበበ ደም ይከለክላል፣ ከሰፋ በጣቶቹ ላይ ወርዶ ያሽመደምደዋል። ስለዚህ ለየወፉ ዓይነት በመለኪያ የተወሰነ ቁጥር አለው። የሥራው ጀማሪ የሆነው ዴንማርካዊው ሞርተንሰን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1890 በዚንክ ሞክሮ ከብዶበት ተወው፤ በአሉሚኒየም የተሳካለት በ1899 ነው። የዱር ወፍ ለመያዝም ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ትምህርቱ ግን ወፍ ሳይያዝ ይሰጣል። አንድ ጆንያ ውስጥ ሁለት ሦስት እፍኝ ባቄላ፣ ሳይቆጠር፣ ይፈስስ። ተማሪዎቹ 50 ባቄላ አውጥተው በማርከር ያቅልሙ፣ መልሰው ያማስሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው 60 ያውጡ። 10 የተቀለሙ ከወጡ በጅቦቹ ሒሳብ (51 × 61 ÷ 11) − 1፣ ማለት 282 ገደማ ባቄላ አለ። አሥር ቡድን ለየብቻው ይሥራና መልሶቹ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ ባቄላው አንድ በአንድ ይቆጠር። በሁለተኛው ዙር አንድ ቡድን ሳያማስል ከላይ ይዝገን፤ የተቀለሙት ላይ ላዩን ስለቀሩ ቁጥሩ ያንሳል። ሌላው ቡድን ከ50ዎቹ የ15ቱን ቀለም በስፒሪት አጥቦ ሳይናገር ይመልስ፤ ምልክቱ የጠፋው አዲስ ስለሚመስል ቁጥሩ ይበዛል። የትኛው ቡድን ምን እንዳደረገ ከመልሱ ብቻ ተማሪዎቹ ይገምቱ።