ግራፊክስ ፕሮግራሚንግ ከምን ልጀምር? ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ሬንደሪንግ (በኮድ ምስል ማውጣት) ነው። የጀማሪ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲ ፕላስ ፕላስ በመጠኑ እችላለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ጂፒዩን (የግራፊክስ ካርዱን ቺፕ) ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር) ብቻ ምስል አውጣ። ፒፒኤም የሚባለው ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፦ ፒ3 ብለህ ትጀምራለህ፣ ወርድና ቁመት፣ ከዚያ 255፣ ከዚያ የእያንዳንዱ ፒክሰል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቁጥር። ምንም ላይብረሪ አይፈልግም። ቀጥለህ ሦስት ማዕዘን ሙላ። ፒክሰሉ ከሦስቱም ጠርዞች በአንድ ወገን ከዋለ ውስጥ ነው፣ ይሄን የክሮስ ፕሮዳክቱ (የጠርዙና ከጠርዙ ጫፍ ወደ ፒክሰሉ የሚሄደው ቬክተር ብዜት) ፖዘቲቭ ወይ ኔጋቲቭ መሆን ይነግርሃል፤ እነዚያኑ ቁጥሮች ደግሞ በድምራቸው ስታካፍላቸው የሦስቱን ጫፎች ቀለም ለማዋሃድ ያገለግሉሃል። ከዚያ ኤክስና ዋይን ለዜድ (ለርቀቱ) አካፍል፣ ሩቅ ያለው ነገር ሲያንስ ታየዋለህ። ዴፕዝ በፈር (ከፊት ያለው የኋላውን እንዲሸፍን የየፒክሰሉን ርቀት የሚይዝ) ጨምር። በቃ፣ ጂፒዩ የሚሠራውን ዋና ሥራ በእጅህ ሠራኸው ማለት ነው! ለዚህ መንገድ ታይኒሬንደረር የሚባል ነፃ ትምህርት አለ። ብርሃንና ጥላ ከሳበህ የፒተር ሸርሊ «ሬይ ትሬሲንግ ኢን ዋን ዊክኤንድ» የሚለው መጽሐፍ (የብርሃን ጨረር እየተከተሉ ምስል ማውጣት) ነፃ ነው፣ ምስሉንም የሚያወጣው በፒፒኤም ነው። ኮዱን ኮፒ አታድርግ። በእጅህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ኦፕንጂኤል ወይስ ቫልካን?

መልስ፦ ሁለቱም ጂፒዩን በኮድ የምናዝባቸው ናቸው። ለጀማሪ ኦፕንጂኤል። ለርንኦፕንጂኤል የሚባለው ድረ ገጽ መስኮት ከመክፈት ጀምሮ እስከ ፒቢአር (ብርሃንን እንደ ተፈጥሮው ማስላት) ድረስ በነፃ ይወስዳችኋል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ የምትከተሉት ቪዲዮ ላይ ጂኤልቢጊን (ጫፎችን አንድ በአንድ የሚልክ የድሮ ትእዛዝ) የሚል ኮድ ካያችሁ ዝጉት። ያ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ኦፕንጂኤል 3.0 ጊዜው አልፎበታል ተብሏል።

ሌላ አባል፦ ኦፕንጂኤል ራሱ ሞቷል እኮ። የመጨረሻው 4.6 የወጣው በ2017 ነው፣ አፕልም በ2018 ጊዜው አልፎበታል ብሏል። ሰው ለምን ጊዜውን ያጠፋል?

ሦስተኛ አባል፦ ማክ ላይ እስከ 4.1 ይሠራል። ለርንኦፕንጂኤል የሚያስተምረው 3.3 ነው። ምን ጎደለ?

ሌላ አባል፦ ሥራ ስትፈልግ የሚጎድለውን ታየዋለህ። ቫልካንና የማይክሮሶፍቱ ዳይሬክትኤክስ 12 ነው የሚጠየቀው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉት፣ ጀማሪዎቹን ግራ እያጋባችሁ ነው። ቫልካን ላይ አንድ ሦስት ማዕዘን ለማሳየት ሺህ መስመር ገደማ ይጻፋል፣ አብዛኛውም ዝግጅት ነው። ማትሪክሱ፣ ብርሃኑ፣ ቴክስቸሩ ሁሉም ጋ አንድ ነው። እሱን የያዘ ሰው በኋላ ወደ ቫልካን ይሻገራል።

ጥያቄ፦ ሒሳብ አልወድም። ያለ ሒሳብ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ቬክተር፣ ማትሪክስና ዶት ፕሮዳክት የግድ ነው። ስሪብሉዋንብራውን የሚባለው የዩቲዩብ ቻናል ስለ ሊኒየር አልጀብራ የሠራቸውን ቪዲዮዎች እይ። እያየህም ኮድ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ዩኒቲ ይሻላል አንሪል?

መልስ፦ ይሄ የጌም ኢንጂን ጥያቄ ነው። የሚያውቅ ይመልስ።

ጥያቄ፦ ስክሪኔ ጥቁር ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኮድ የለ፣ ኤረር የለ፣ በምን ልወቀው? የሼደሩን (ጂፒዩ ላይ የሚሮጠውን ኮድ) ሎግ አንብብ። የጀርባውን ቀለም ከጥቁር ወደ ሌላ ቀይር። ፌስ ከሊንግ (ጀርባቸውን የሰጡ ሦስት ማዕዘኖችን መዝለል) አጥፋ። ካልሆነ ሬንደርዶክ የሚባለውን መመርመሪያ አውርድና ፍሬሙን ከፍተህ ዳታው የት ላይ እንደጠፋ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ፣ ጥሩ ሪሶርስ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እባክህ ከላይ ያለውን አንብብ። አንዱን ምረጥና ጨርስ። አሥር ሊንክ ሰብስቦ ማስቀመጥ ትምህርት አይደለም። ኮፒም አታድርግ፣ ደግሜ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የሸርሊን ጨርሻለሁ፣ ግን ምስሌ ነጠብጣብ ይበዛዋል። ቀጥሎ ምን ላንብብ?

መልስ፦ ጎበዝ! ነጠብጣቡ የሳምፕል (በየፒክሰሉ የሚላኩ ጨረሮች ቁጥር) ማነስ ነው። ሳምፕሉን አራት እጥፍ ብታደርጊው ነጠብጣቡ በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ቁጥር ከመጨመር ይልቅ ጨረሩን ወደ መብራቱ አቅጣጫ መላክን ተማሪ። «ፊዚካሊ ቤዝድ ሬንደሪንግ» አራተኛው እትም ኢንተርኔት ላይ ሙሉው በነፃ አለ። ከዳር እስከ ዳር ልጨርሰው አትበይ፣ ስለ ሳምፕሊንግ የሚያወራውን ክፍል ይዘሽ ጀምሪ። ትልቅ ሞዴል ከመጫንሽ በፊት ደግሞ ቢቪኤች (ሦስት ማዕዘኖችን በሣጥን በሣጥን የሚያደራጅ ዛፍ) ራስሽ ጻፊ፣ አለበለዚያ እያንዳንዱ ጨረር ሁሉንም ሦስት ማዕዘን እየፈተሸ አንድ ምስል ስትጠብቂ ታድሪያለሽ።