ረጅም ግጥም ለጀመራችሁ ልጆች

ረጅም ግጥም ጀምራችሁ መሐል መንገድ ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ ብዙውን ጊዜ የቸገራችሁ ቃል ማጣት አይደለም፤ የሚጣለውን መጣል ነው። ይህን ከአሊስ ኦስዋልድ ተማሩ። በ1966 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የተወለደች እንግሊዛዊት ገጣሚ ናት፤ ኦክስፎርድ ገብታ የጥንቱን ግሪክና ላቲን አጠናች፣ ከዚያም በአትክልተኝነት ሠለጠነች።

የ2011 መጽሐፏ «ሜሞሪያል» የጥንቱ ግሪክ ገጣሚ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት ከተናገረበት ረጅም ግጥም፣ ከኢሊያድ፣ የወጣ ነው። ኢሊያድ ከ15,000 በላይ ስንኞች አሉት፤ እሷ ከስምንት እጁ ሰባቱን ጣለችው። የዋናው ጀግና፣ የአኪለስ፣ ቁጣ ሄደ። የቀሩት የሟቾቹ አጫጭር ታሪኮችና ተነጻጻሪ ዘይቤዎቹ ናቸው። መጽሐፉ የሚከፈተው በስም ዝርዝር ነው፤ ሁለት መቶ ያህል ሟቾች፣ ከፕሮቴሲላዎስ እስከ ሄክቶር፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ፣ በትልልቅ ፊደል። (የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ ይህን የሚሞክር ሰው በየስሙ መካከል ባዶ ቦታ ቢተው ይሻለዋል።)

አሠራሩን ልብ በሉ። ስለ ሟቹ ስትናገር ደረቅ ናት፦ የማን ልጅ፣ ከየት አገር፣ ጦሩ የት ገባ። ሙሾ እንደሚያወርድ ሰው ስሙን ትጠራለች። ንጽጽሩ ተለይቶ ይከተላል፦ ቅጠል፣ በረዶ፣ የእናቷን ቀሚስ የያዘች ሕፃን። ብዙ ጊዜም ቃል በቃል ሁለቴ ይደገማል። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁለቱን ሲቀላቅል ነው፤ ጦሩ በገባበት ስንኝ ላይ አበባ ከታከለ ሟቹ ይጠፋና ገጣሚው ብቻ ይታያል። ድግግሞሹ በዓይን ሲነበብ ያሰለቻል፣ አልክድም። ሲሰማ ግን ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ሲያልፍ ጆሮ ገና ሟቹ ዘንድ ነው፣ ምስሉ የሚገባው በሁለተኛው ነው። እሷም መድረክ ላይ በቃሏ ታወርደዋለች።

ከዚያ በፊት በ2002 ያወጣችው «ዳርት» በእንግሊዝ አገር፣ በዴቨን፣ ስለሚፈስ ወንዝ ነው። ለዓመታት በወንዙ ዳር የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎችን ድምፅ ስትቀዳ ቆየች፤ ተደብቆ ዓሣ የሚያጠምደውን፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ሠራተኛውን፣ ጀልባ ሠሪውን። ተናጋሪው ሲለወጥ በኅዳጉ ትጠቁማለች። እናንተም ቅዱ፤ የቀዳችሁትን እንዳለ ከገለበጣችሁት ግን ሪፖርት ይሆናል፣ ከልክ በላይ ካረማችሁት ደግሞ ጀልባ ሠሪውም ዓሣ አጥማጁም እንደ እናንተ ያወራሉ። የሙያውን ቃልና የትንፋሹን ርዝመት አትንኩ፤ ሌላውን ቁረጡ።

ረቂቁን ሁለት ሦስት ቀን አሳድሩት። ከዚያ ወረቀቱን ሳታዩ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉት። ያልመጣላችሁን ስንኝ ለማስታወስ አትታገሉ፤ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።