ብረት የገባበት አፈር፣ ተክልና ባክቴሪያ፦ ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ። የተበከለ አፈርና ውሃ በተክልና በባክቴሪያ ይጸዳል ወይ የሚል ተመሳሳይ ጥያቄ ሰሞኑን ስለበዛብኝ እዚሁ ሰብስቤ ልመልስ። ብረት ስል እንደ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና ሜርኩሪ ያሉትን መርዛማ ብረቶች ማለቴ ነው። የምሠራው አፈር ላይ ነው፣ ኑሮዬም እዚሁ ባሕር ዳር።

ዓባይ ዳር ቆስጣና ሰላጣ እናለማለን። የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል ይባላል። አንድ ወቅት የሱፍ አበባ ብንዘራበት ይጸዳልን?

አይጸዳም። የሱፍ አበባ ስሙ የገነነው የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በደረሰበት ቼርኖቤል አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ኩሬ ላይ ተንሳፍፎ ሥሩ ከውሃው ራዲዮአክቲቭ ሲዚየምና ስትሮንቲየም ስለመጠጠ ነው። አፈር ሌላ ጉድ ነው። ብረቱ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ተክሉ የሚያገኘው የሟሟውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ደግሞ ፍሳሹ ሳይቆም ተክል መትከል ውሃ ወቀጣ ነው። እስከዚያው ቅጠላ ቅጠሉን ተዉት። ካድሚየም በብዛት የሚገባው ቅጠል ውስጥ ነው፤ በቆሎና ቲማቲም በሚበላው ክፍላቸው የሚይዙት ያነሰ ነው።

ባክቴሪያ ብረቱን ይበላዋል ወይ?

የፈሰሰ ናፍጣ ቢሆን አዎ፣ ሰባብሮ ይጨርሰዋል። ብረት ግን አይፈርስም፣ የሚለወጠው ጠባዩ ነው። ክሮሚየምን እንውሰድ፣ ሁለት መልክ አለው። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀመው ሰማያዊ አረንጓዴ ጨው ክሮሚየም ሦስት ነው፣ አፈር ውስጥ ብዙም አይንቀሳቀስም። ክሮሚየም ስድስት ግን ይሟሟል፣ ከውሃው ጋር ይጓዛል፣ ካንሰርም ያመጣል። ስድስቱን ወደ ሦስት የሚመልሱ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። ሌሎቹ ደግሞ አየር የሌለው ጭቃ ውስጥ በኦክስጅን ፋንታ ሰልፌት የሚባል የድኝ ውህድ እየተነፈሱ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ፣ ጋዙ እርሳሱንና ካድሚየሙን አስሮ ድንጋይ ያደርገዋል። ሜርኩሪን ወደ ትነት የሚቀይሩም አሉ። አፈሩ ይጸዳል፣ ሜርኩሪው አየር ላይ ይወጣል። እኔ ይሄንን ማጽዳት አልለውም።

እምቦጭ ብረት ይመጥጣል አሉ። ታዲያ ጣናን እያጸዳልን አይደል?

መምጠጡስ ይመጥጣል። አንዱን ነቅላችሁ ብታዩ ከሥሩ የተንጠለጠለ ላባ የመሰለ ጥቁር ፀጉር አለ፣ ብረቱ በብዛት የሚያዘው እዚያ ነው። ግን እዚያው ሲበሰብስ የያዘውን መልሶ ለሐይቁ ይለቀዋል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሆን ብሎ ማቆየት እብደት ነው። ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ የታጨደውን ደግሞ ሳይመረመር ለላምም ለኮምፖስትም አትስጡ። ለዚህ ሥራ ደንገል ይሻላል። የራሳችን ነው፣ ፍሳሹ ሐይቁ ሳይደርስ በሚያልፍበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ላይ ቢተከል ብረቱን ሥሩ ላይ ያስቀራል።

ጋራዥ የነበረ ግቢ ገዛሁ። የባትሪ እርሳስ ፈሶበታል። ምን ልትከል?

እርሳስ ግትር ነው ወንድሜ፣ ተክል እንደልቡ አይስበውም። ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ጨምሮ ማሟሟት ይቻላል፣ ያኔ ግን ወደ ጉድጓድ ውሃህ ሊወርድ ይችላል። አንተ ጋ ዓላማው ማውጣት ሳይሆን ማሰር ነው። በጣም የተበከለውን የላይኛውን አፈር በባለሙያ አስነሳ፣ የቀረውን ቬቲቨር ሳር አልብሰው። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፣ እርሳሱን ሥሩ ላይ ይይዛል፣ ወደ ቅጠል የሚያወጣው ትንሽ ነው። ዋናው ጠላትህ አቧራው ነው፣ ሕፃናት እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። ዶሮም አትልቀቅበት፣ እርሳሱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል።

ለአሲዳማ አፈር የሚሰጡን ኖራ ይረዳል?

በጣም። የጎጃም ቀይ አፈር ሲኮመጥጥ ካድሚየምና ዚንክ ይለቃል፣ ኖራ ያስራቸዋል። አርሰኒክ የሚባለው መርዝ ካለበት ግን ተጠንቀቁ፣ ኖራ እሱን ሊፈታው ይችላል። ለአርሰኒክ የሚታወቀው ፈርን የሚባለው አበባ የማያወጣ ተክል አንድ ዓይነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሎሪዳ ውስጥ ይፋ የሆነ፣ ቅጠሉ ላይ ያጭቀዋል።

ብረቱን የመጠጠው ተክል ታጭዶስ የት ይጣላል?

ምድጃ ውስጥ አይግባ፣ ከብት አይብላው። በትክክለኛ ማቃጠያ ተቃጥሎ አመዱ ወደ መሬት በማያሰርግ ጉድጓድ ይቀበራል።

ለምርመራ አፈር እንዴት ልውሰድ?

ከማሳዎ 15 ያህል ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እየቆፈሩ ይውሰዱ፣ ያደባልቁት፣ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። የትኞቹን ብረቶች እንደሚፈልጉ ለላቦራቶሪው በስም ይንገሩ፣ አለበለዚያ የማዳበሪያ ምርመራ ብቻ ሠርተው ይመልሱልዎታል። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፣ የቆርቆሮው ባልዲ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ውጤቱን ያዛባዋል።